ባለመስመሯ ቫዮሌት

ጥፋቱ የመጣው ከሙያ ነው። ሴትዮዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው አናት ላይ ውሃ ሲረጭ የኖረ እጅ፣ አበባ ፊት ሲደርስ ሌላ እጅ አይሆንም። ምን ይደረግ፣ ልማድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ የሐሞት ጠጠር አስወጥተው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ፤ ከዚያ ደግሞ እስኪያገግሙ ድረስ አስተማሪ የሆነችው ታናሽ ልጃቸው ቤት ከረሙ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእናቷን ቤት ቁልፍ የያዘችው ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ቤቱ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ቢኖር ደግሞ አንድ ነው፤ መስኮት ላይ የተቀመጠች አንዲት ቫዮሌት። ሳታብብ ያያት ሰው፣ ቅጠሏ ክብና ጠጉራም የሆነ አንዲት አጭር የቤት አበባ ናት ብሎ ያልፋል። ስታብብ ግን አያልፍም። አበባዋ ነጭ ነው፤ በእያንዳንዱ ነጭ ላይ፣ ከመሐሉ እስከ ጫፉ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ወይን ጠጅ መስመር አለ። ቤተሰቡ "ባለመስመሯ" ነበር የሚላት፤ ልክ እንደ አንድ የቤት ሰው። "ባለመስመሯ ውሃ ጠጣች ወይ?" ይባላል፤ "ባለመስመሯን ከብርዱ ዘወር አድርጓት" ይባላል።

ፀጉር ሠሪዋ ለአንድ ወር ያህል እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀቻት። ከዚያ እናቷ ሊመለሱ ነው ተባለና ልቧ ሞቅ አለ። "እማዬ ስትገባ አምራ ትጠብቃት" አለች። ቅጠሎቹን ብታይ አቧራ ለብሰዋል። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ከሥራ ይዛው የመጣችው መርጫ ጠርሙስ አለ። ምን አለፋችሁ፣ እንደ ደንበኛ ፀጉር ከአናቷ ጀምራ አራሰቻት፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ደስ ብሏት ወጣች። ሥራ በዝቶባት ተመልሳ የመጣችው በአሥረኛው ቀን ነው፤ ዕለቱ ረቡዕ፣ እናቷ የሚገቡት እሁድ። መጋረጃውን ስትገልጥ ክው አለች። የባለመስመሯ እምብርት ጠቁሯል። በጣቷ ጫፍ ብትነካው ሟሟ፤ መሐሉ ላይ ያሉት ቅጠሎች ጣቷን ተከትለው መጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

እዚያው መስኮቱ ሥር፣ ድሮ የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ አለች። የሚገርመው፣ ባለማወቅ አይደለም ያጠፋችው። ከፊደል በፊት የተማረችው ነገር ቢኖር የዚችን አበባ ሕግ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ይህ ክፍል የሥራ ክፍላቸው ነበር። መሬቱ ላይ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጠፋም፤ ስፒል እግር ይወጋል፤ ከካውያው የሚወጣው የሞቀ እርጥብ ጨርቅ ሽታ እስከ ደጅ ይደርሳል። ሦስቱ ልጆች የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሆነው የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። እናቷ ብርሃኑ ለዓይናቸው እንዲመች ብለው መኪናውን መስኮቱ ሥር አደረጉት፤ ለስፌት የሚመች ብርሃን ለቫዮሌትም የሚመች ሆነና አብረው ኖሩ። አበባዋን ያመጣችው አንዲት ደንበኛ ነበረች። ሰውነቷን ለመለካት ስትመጣ ይዛት መጥታ፣ "አገር ልቀይር ነው፣ አንቺ ዘንድ ትኑር" ብላ አስቀመጠቻት። ልብሷ ተሰፍቶ ወሰደች፤ ቫዮሌቷ ቀረች።

ሰኞ ሰኞ ለብ ያለ ውሃ ሰሃን ላይ ይደረጋል፣ ባለመስመሯ ትቀመጥበታለች። ከሥሯ ነው የምትጠጣው። አንድ የቀሚስ ጠርዝ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ትጠጣለች፣ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። በሳምንት አንዴ ሩብ ዙር ትዞራለች፣ ወደ ብርሃን እንዳታዘነብል። አቧራዋ የሚጠረገው የስፌት መኪናው ብናኝ በሚወገድበት ለስላሳ ብሩሽ ነው፣ በደረቁ። "አናቷን ያረጠበ እኔን ያረጠበ ነው!" ይሉ ነበር እናቷ፣ ክር አፋቸው ውስጥ እንዳለ። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሁሉ ስታስታውስ ያ ክፍል፣ ያ የመኪናው ድምፅ፣ ጠረጴዛው ሥር እግር ለእግር የሚራገጡት ሦስት ልጆች ይናፍቋታል። ምነው ያኔ በቀረሁ አለች። ሰው እንዲህ የሚለው ጥፋቱን የሚነግረው ሰው ሲያጣ ነው።

የዚያ ቤት አንድ ወግ ነበረው። ከቤት ወጥቶ የራሱን ኑሮ የሚጀምር ልጅ ከባለመስመሯ አንድ ቅጠል ይዞ ይወጣል። እናቷ ደህናውን ቅጠል ይመርጣሉ፣ በክር መቀሳቸው አግድም ይቆርጡታል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉታል፣ በር ላይ ይሰጣሉ። ሌላ ምክር የለም። ቅጠሉ ተተክሎ ሥር ያወጣል፣ ከሥሩ ሕፃን ቡቃያዎች ይበቅላሉ፣ አንዷ አድጋ ታብባለች። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሟ አውቶቡስ ነጂው ይዞ ወጣ፤ ቀጥላ እሷ፣ ያገባች ጊዜ፤ መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ።

የፀጉር ሠሪዋ ቅጠል በቀለች፣ አደገች፣ በዓመቷ አበበች። ድፍን ወይን ጠጅ። ነጭ የለ፣ መስመር የለ። በዚያው ሳምንት እናቷ ደወሉ።

"አበበች?"

"አበበች እማዬ።"

"መስመሯስ?"

ወንድሟ ከዓመታት በፊት "የኔዋ ቁጭ እናቷን ናት" ማለቱን ታስታውሳለች። ጊዜ ቢኖራት አስባበት እውነቱን ትናገር ይሆናል፤ ግን ምላስ ቀደመች። "ልክ እንዳንቺዋ" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያቺን ቃል ተመልሳ የምትይዝበት መንገድ አጣች። ሆዷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ገባ። ኋላ ታናሽ እህቷም "መስመሯ እንዴት እንደሚያምር" ስትል፣ እናቴ ለሁለቱ እውነተኛውን ቅጠል ሰጥታ ለኔ የማይረባውን ሰጠችኝ አለች። ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

እንግዲህ ውሸት ጠባቂ ይፈልጋል። እናቷ "እስቲ ልምጣና ልያት" ባሉ ቁጥር "ደረጃው ይጎዳሻል፣ እኔው እመጣለሁ" ትላለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እናቷ ቤቷ የገቡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ባሏ ከመሰላል ወድቆ እግሩን የተሰበረ ጊዜ፣ አንዴ ከሦስት ዓመት በፊት የሞተ ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ቫዮሌቷ ጎረቤት ቤት ነበረች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ነገር የማያውቅ፣ ሲዋሽ ጆሮው የሚቀላ ሰው። "ንገሪያት በቃ፣ አበባ አይደለች እንዴ" ይላት ነበር። "ነገ" ትለዋለች። እሱም ነገን እየጠበቀ ሄደ፣ ነፍሱን ይማር።

ወደ ረቡዕ እንመለስ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ፀጉር ሠሪዋም ስልኳን አወጣች። የወንድሜን ወይም የእህቴን አመጣና እማዬ ሳታውቅ እተካታለሁ አለች። መጀመሪያ ለወንድሟ ደወለች። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሞተር አጥፍቶ ሻይ እየጠጣ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ያንተን ባለመስመር እስከ እሁድ ስጠኝ።"

"የትኛዋን?"

"የትኛዋን ይለኛል እንዴ! ለእማዬ 'ሰባት አበባ አወጣች' ያልካትን።"

ሻዩን ፉት ሲል ይሰማታል። "ስሚ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። የኔዋ መስመር የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ድፍን ናት።"

"ሰባቱ አበባስ?"

"ሰባቱማ እውነት ነው።"

የት እንዳለች ጠየቀችው። የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ቢሮ ውስጥ ናት አለ። እናታቸው ሲጠይቁት "እዚያ ብርሃኑ ይስማማታል" ይላቸዋል፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው መልሱ።

ቀጥላ አስተማሪዋን አገኘቻት። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ፣ እሷ ግን እናታቸው ከጎኗ ያሉ ይመስል ታንሾካሹካለች።

"የኔዋ ጎረቤት ቤት ናት። እማዬ እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ እዚያው ናት። 'የት አደረግሻት' ስትለኝ 'ለተማሪዎች ማሳያ ወሰድኳት' አልኳት።"

"መስመር አላት የላትም?"

"እህቴዋ፣ እኔ ያንቺን ልለምንሽ ነበርኮ። አንድ ቅጠል ቆርጠሽ በድብቅ ትሰጪኛለሽ ብዬ።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሦስቱም ያላቸው ይህ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ብቻዋን፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ጎኗን እስኪወጋት። ከዚያ በእናቷ ላይ ይዛው የኖረችው ቅሬታ ትዝ አላትና ሳቁ ተቋረጠ። ያ ሁሉ ዓመት የተቀየመችው በሌለ ነገር ነው። አፈረች።

ሐሙስ ጠዋት ባለመስመሯን ከነማሰሮዋ ታቅፋ ወደ አንድ ችግኝ ሻጭ ሄደች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አበባዋን አገላብጠው አዩ።

"ምን አደረግሻት?"

"ረጨኋት፣ አባባ። አናቷን።"

"ፀጉር መሰለችሽ እንዴ?"

"ፀጉር ሠሪ ነኝ።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። እሷም ይሁን ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቅጠሉን፣ ድፍኑን፣ ሦስቱን ልጆች። ሲሰሙ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ ሌላዋን ቫዮሌት በቅጠል ብትተክያት እናቷን ትመስላለች። ባለመስመር ግን ከቅጠል መስመሯን ይዛ አትመጣም። ትበቅላለች፣ ታብባለች፣ ግን ድፍን ሆና ነው። መቶ ቅጠል ብትቆርጪ መቶ ድፍን ነው የምታገኚው።"

"የተከለው ሰው ጥፋት አይደለም?"

"ምን ጥፋት አለው። ተፈጥሮዋ ነው።"

ይህችን ቃል ለመስማት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀባት። መንገድ ዳር ካለ ሰው ጠይቃ በአንድ ቀን ልታገኛት የምትችለውን። ሽማግሌው በዚህ መሐል የበሰበሰውን እየገፉ ከግንዱ ጎን፣ ከታች፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቡቃያ አገኙ። መስመሩን የምትይዘው እንዲህ ያለችው ናት አሉ፤ ከጎን የወጣችው። ግን ብስባሱ ደርሶባት ይሆናል፣ እርግጠኛ አይደሉም። "እጅሽ ይንቀጠቀጣል?" አሏት። "ምላጭ ይዤ ነው የምውለው" አለች። አዲስ ምላጭ ሰጧት፣ ቆረጠቻት። በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ተተከለች፣ ስስ ላስቲክ ተደረገባት። መያዟን ከወር በኋላ፣ አበባዋን ከከረመች ነው የምታይው ተባለች።

ቅዳሜ ሦስቱ በስልክ ተማከሩ። ወንድምየው ድመት ጣለቻት እንበል አለ። "የምን ድመት?" "የሰው ድመት።" አስተማሪዋ መድኃኒት የበዛበት ውሃ ነው በቧንቧ የመጣው እንበላት አለች። ፀጉር ሠሪዋ ሁለቱንም ሰማቻቸውና "እኔ በቃኝ፣ እናንተ የራሳችሁን ታውቃላችሁ" ብላ ዘጋች። እንዲህ ስትል ጀግና ሆና አይመስላችሁ፤ ፈርታ ነበር። እናቷ ከሆስፒታል የወጡ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት የጠበቋት ነገር ናት። ያችን አበባ ሞታ ሲያዩ ልባቸው ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?

እሁድ ከሰዓት በፊት ወንድሟ እናታቸውን አድርሶ፣ ሥራ አለኝ ብሎ፣ ሳይገባ ሄደ። ፈሪ። እናቷ ከስተዋል፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ሳያወልቁት፣ ሳይቀመጡ፣ ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መስኮቱ ላይ ላስቲክ የለበሰች የፕላስቲክ ኩባያ እንጂ ሌላ የለም።

"የት አለች?"

"ገደልኳት እማዬ። አናቷን ረጨኋት፣ በሰበሰች። ይቺ ትንሿ ከጎኗ የወጣች ናት፤ ትያዝ አትያዝ አላውቅም።"

እናቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ክር እንደሚያጠነጥኑ ሁሉ አውራ ጣታቸውን በጠቋሚያቸው ላይ ያሽከረክሩ ጀመር። ሲጨንቃቸው የሚያደርጉት ነው።

"ግድ የለም" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ጋ አለች፤ ልጆቼ ጋ አለች። ሆስፒታል ተኝቼም ስለሷ አልተጨነቅኩም። እኔ ብሞት እንኳ ሦስት መስኮት ላይ አለች እያልኩ ነበር። ካንቺው ትቆርጪልኛለሽ።"

ፀጉር ሠሪዋ መሬቱ ውጦኝ በሄደ አለች። ይሁን እንጂ እንደገና ዋሽታ "እሺ" ማለት አልቻለችም።

"የኔዋ መስመር የላትም፣ እማዬ። ድፍን ናት። ከመጀመሪያውም ድፍን ነበረች። ዋሸሁሽ።"

"የሌሎቹስ?"

"የሌሎቹን ራሳቸውን ጠይቂያቸው።"

እናቷ ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚያስፈልጋቸው ሰው አይደሉም። አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ልጃቸው አዩ። ትቆጣለች ብላ የጠበቀችው ፀጉር ሠሪዋ አንገቷን ደፋች።

"ታብባለች?" አሉ እናቷ።

"ክረምት ከበጋ ታብባለች። አርፋ አታውቅም።"

"ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?"

"አፍሬ። እኔ ያበላሸኋት መስሎኝ።"

"ቤትሽ እንዳልመጣ ስታደርጊኝ የኖርሽው ለዚህ ነው?"

ፀጉር ሠሪዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ድምፃቸው ቀነሰ።

"እኔ ደግሞ ባልሽ የማይፈልገኝ መስሎኝ ነበር።"

ይህን አላሰበችውም። ብዙ ነገር አስባ ነበር፤ ይህን ግን አንድም ቀን አላሰበችውም። እናቷ ቀጠሉ። "እዚህ ሲመጣ ዓይኔን አያየኝም ነበር። ስለ አበባዋ ስጠይቀው ይቀላል፣ ይነሳል፣ ውጭ ልጠብቅሽ ይልሻል። ኮራብኝ አልኩ። እኔም ኮራሁበት። አንድ ቀን እንኳ 'እንዴት ነህ ልጄ' ብዬ አጠገቤ አላስቀመጥኩትም።"

"መዋሸት ስለማይችል ነው፣ እማዬ። እንዳያመልጠው ፈርቶ ነው የሚወጣው። 'እናትሽ ለምን እንደማይወዱኝ እንጃ' ይለኝ ነበር።"

"አንቺስ ምን ትይው ነበር?"

"ጠባይዋ ነው እለዋለሁ።"

እናቷ ተነሡ። ኮታቸውን እስከ ላይ ቆለፉ። ፀጉር ሠሪዋ ተቆጥተው ወደ መኝታ ሊገቡ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ በሩ ነው የሄዱት። "ውሰጂኝ" አሉ። "ዛሬ አርፊ፣ ገና ከሕመም..." ብትል "ውሰጂኝ አልኩሽ" አሏት። የእናት ነገር፣ ሁለቴ ከተናገረች አለቀ።

በታክሲ ሄዱ። ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው፤ በየማረፊያው ግድግዳ ተደግፈው ተነፈሱ፣ የልጃቸውን ክንድ ግን አልያዙም። ቤት ሲገቡ መስኮቱ ፊት ለፊት ነው። ድፍኗ ቫዮሌት እዚያ ናት፤ ቅጠሏ ከትሪ ይሰፋል፣ መሐሏ በአበባ ተጨናንቋል፣ አንዱ ከአንዱ እየተጋፋ። እናቷ እንደ ልብስ ሰፊ አዩዋት፤ ዙሪያዋን፣ እኩልነቷን፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች መሆን አለመሆኗን። አላዘነበለችም። የተቀመጠችበት መደርደሪያ በልኳ የተሠራ ነው፤ ከበላይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ እንዳያቃጥላት ስስ ነጭ ጨርቅ በሽቦ ተወጥሯል።

"ይሄን ማን ሠራው?"

"እሱ ነው። እግሩን ተሰብሮ ቤት የዋለ ጊዜ። ሰኞ ሰኞ ውሃ የሚያጠጣትም እሱ ነበር። ለብ ማለቱን በክርኑ ነክቶ ያየዋል።"

"ከሥሯ?"

"ከሥሯ እንጂ። እንደ እኔ አይደለም።"

እናቷ አበባዋን አልነኩም። ጨርቁን ግን ነኩ፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ገለበጡት። በእጅ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ጠማማ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ሙያው ያልሆነ ሰው ታግሎ የሰፋው። እናቷ ያን ጠማማ ስፌት በጣታቸው ተከተሉት። "ወይ ልጄ" አሉ፣ "ወይ ልጄ፣ አጠገቤ ባስቀምጥህ ምን ነበረበት።" ከዚያ ልጃቸው ስታለቅስ እንዳያዩዋት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ቆዩ። ፀጉር ሠሪዋም ሊያጽናኗት እንዳልሆነ አውቃለች፤ ተናደዋል፣ በእሷም በራሳቸውም፣ ንዴቱም ቶሎ የሚወጣ አይደለም።

"የት ነበር የሚቀመጠው?" አሉ ቆይተው።

መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር አሳየቻቸው። እናቷ ኮታቸውን አወለቁና ተቀመጡበት።

"በይ ንገሪኝ" አሉ።

"ምኑን እማዬ?"

"እሱን። ጥርስ ሲያመው ምን ይላል፣ ምን ያስቀዋል፣ ሥራ ውሎ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያደርጋል። አንድም የማውቀው ነገር የለኝም። ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እንዳትዘዪ።"

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ሌላ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። ሥራ ውሎ ሲመጣ፣ አለች፣ መጀመሪያ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲው ይገባና ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ቀለም ያሳየኛል፤ "ዛሬ የቀባነው ቤት አረንጓዴ ነው" ይላል። እናቷ ፈገግ አሉና "ቀጥዪ" አሉ።